ከአርባ ምንጭ የሚወጣው ጥናት ለማን ይደርሳል?

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቢሆነውም ሁለት ከባድ ፈተናዎችን አሳልፏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ በላብራቶሪ ተረጋገጠ፤ በሀገራችን እንዲህ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አሥራ ስድስት ወር ብቻ ነው።

ከሁለቱም ቦታዎች ብዙም በማይርቀው አርባ ምንጭ ከተማ፣ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ከመደባቸው ስምንት ተቋማት አንዱ ይገኛል። የጋሞ ዞንና አካባቢው ለተመራማሪ የተመቸ ነው። ደጋውና ቆላው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ይገናኛሉ፤ ሁለት ትላልቅ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ወባውም፣ ዝሆኔውም፣ ጎርፉም፣ ናዳውም በቅርብ አለ። በየዓመቱ መጠይቅ የያዙ ተማሪዎች፣ ደም የሚቀዱ ባለሙያዎች፣ ውኃ የሚለኩ መሐንዲሶች የየቀበሌውን ደጃፍ ያንኳኳሉ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጠይቁን የሞላችው እናት መልሱን መቼ ትሰማለች? የጋሞና የአካባቢው ችግር የጥናት እጦት ብቻ እንዳልሆነ፣ የተጠናው ነገር ወደ ተጠናበት መንደር ሳይመለስ መቅረቱም የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ጉዳይ እንደሆነ በምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለሕዝብ ጥያቄ የተከፈተ በር

የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1979 ዓ.ም. ነው። በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ገና ከጅምሩ የአካባቢውን ጥያቄ ይዞ የተነሳ ተቋም ነበር፤ ውኃ ባለበት አገር ውኃ ማጥናት። በኋላ የሀገሪቱ የውኃ ሚኒስትር የሆኑት ዶ/ር ስለሺ በቀለ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ በአባያና በጫሞ ተፋሰስ ላይ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ከውኃ አልፎ ሕክምናን፣ ግብርናንና ማኅበራዊ ሳይንስን ያስተምራል፤ ትኩረት የሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎችን የሚያጠና የራሱ ማዕከልም አለው።

ተግባራዊ ምርምር የምንለው ከሕዝብ ችግር ተነስቶ ወደ ሕዝብ መፍትሔ የሚሄደውን ጥናት ነው። እንሰትን እንውሰድ። በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ቆጮ ከመብላት በፊት የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ በእግራቸው ደግፈው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ግንዱን ሲፍቁ ይውላሉ፤ ከዚያ መጭመቁ፣ መቅበሩ፣ ለሳምንታትና ለወራት መጠበቁ ይከተላል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያ ለመሥራት፣ የማብላላት ሂደቱንም ለማሻሻል የሠሩት ሥራ ከላይ ያልነው ዓይነት ምርምር ነው። ማንም ዩኒቨርሲቲውን «ምንም አልሠራም» ሊል አይችልም። ጥያቄው መሣሪያው ከተሠራ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? የደጋው መንደር እናት ለብቻዋ ትገዛዋለች ወይስ በማኅበር? ቴክኖሎጂ በአውደ ርዕይ ላይ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ለእናትየው ግን ገና አልተጀመረም።

ጫኖ፦ አንድ መንደር ለዓለም ያስተማረው

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፣ በአባያ ዳርቻ፣ ሙዝ የሚበቅልባቸው የጫኖ ቀበሌዎች አሉ። ወባ ለዚህ አካባቢ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ጫኖ በዓለም የወባ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚታወቅ ስም መሆኑን ስንቱ የጫኖ ነዋሪ ያውቅ ይሆን?

የአርባ ምንጭ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ለዓመታት ሠርተዋል። ከጥናቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሲሆን፣ ጥያቄው ለማንም ቤት ለሠራ ሰው የሚገባ ነው፦ በርና መስኮት በወንፊት ሽቦ ቢሸፈን ወደ ቤት የሚገባው የወባ ትንኝ ምን ያህል ይቀንሳል? ቤቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ የአንዱን ወገን በርና መስኮት ሸፈኑ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት፤ ከዚያ በሁለቱም ቤቶች የሚገኘውን ትንኝ ቆጠሩ። በተሸፈኑት ቤቶች ውስጥ የዋናዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ ብዛት 40 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። የትንኝ ቁጥር ቀነሰ ማለት በሽታው በዚያው መጠን ቀነሰ ማለት አይደለም። ጋምቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ትልቅ ጥናት የተሸፈኑ ቤቶች ውስጥ ባደጉ ሕፃናት ላይ የደም ማነስ መቀነሱን አሳይቷል። እዚያው ጋምቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጣሪያቸውና በራቸው የተሻሻሉ ቤቶች ውስጥ የሕፃናት የወባ ሕመም ልዩነት አላገኘም። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ አንዱ ጥናት የመጨረሻ ቃል አይሆንም። ስለዚህ ለአንባቢ የምናስተላልፈው መልእክት «ሽቦ ምቱና አጎበሩን ጣሉ» የሚል አይደለም። አጎበሩ ይኑር፤ ትኩሳት ሲነሳ በቶሎ መመርመሩ ይቅደም፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ለመስኮቱ ወንፊት ሽቦ ቢያስብ የሚጎዳው ነገር የለም፣ ትንኙንም ያሳንሰዋል።

ይህችን አንቀጽ ለማንበብ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ግን በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፋ በጤና ኬላው፣ በመስጂዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ዓመታት የተሠራው ቤት ሁሉ በሌላ ዓይን ይሠራ ነበር።

ወደ ደጋው ስንወጣ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ዝሆኔ ብለን የምንጠራው የእግር እብጠት ሁሉ በትንኝ የሚመጣ አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዓይነት በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ ነው። ይህን ከአፈሩ ጋር ያያያዘው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን ጊዜውም የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ የተሠራ ሀገር አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደተያዘ፣ 35 ሚሊዮን ገደማ ደግሞ ለአደጋው በተጋለጠ አካባቢ እንደሚኖር አሳይቷል። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለያ ማሰርና ጫማ ማድረግ ሕመሙ የሚነሳበትን ጊዜ በአምስት አንድ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

አስቡት፤ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ጫማ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግሩን የሚታጠብ ማኅበረሰብ ይህን መልእክት ለመቀበል ከማንም በላይ የቀረበ ነው። ነገር ግን ዛሬም በሽታውን እንደ እርግማን ወይም እንደ ዘር የሚተላለፍ ነውር የሚያይ ሰው አለ። በዚህ ምክንያት ለጋብቻ የማትጠየቅ ልጅ፣ ከሰው መሐል የሚርቅ አባት አለ። እውቀቱ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ነውሩ ግን አልሄደም።

ሐይቁ፦ ማን፣ መቼ፣ ለምን ይሰጥማል?

አባያ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ ነው፤ ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከደጋው ተሸርሽሮ የሚወርደው አፈር ውኃውን ቀይ ቡናማ አድርጎታል። ጫሞ አነስ ይላል፤ አዞ ለማየት የሚመጣው ጎብኚ በጀልባ የሚሄደው እዚያ ነው። ለአካባቢው ሰው ሐይቅ ማለት ግን ውበት ብቻ አይደለም። መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ እንጀራ ነው። ሙዝና ዓሣ ይጫንበታል፤ ከዳር ወደ ዳር፣ ከደሴት ወደ የብስ ሰው ይመላለስበታል።

ጀልባ ሰጥሞ ሰዎች የሞቱበትን ዜና ከአባያ የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በየጊዜው ዜናው ይነገራል፣ አስከሬን ፍለጋ ይደረጋል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ከመጠን በላይ የተጫነው ጀልባም ወደ ሥራው ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2021 ጁላይ 25 ቀን ዓለም አቀፍ የመስጠም መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። የባሕር በር የሌላት ሀገር ዜጎች በመሆናችን ይህ ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። ግን ሰው ለመስጠም ውቅያኖስ አያስፈልገውም።

ጎረቤቶቻችን የሠሩትን እንመልከት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ ጋር በመሆን ለዓሣ አጥማጆች የነፋስና የማዕበል ትንበያ የሚሰጥ ፕሮጀክት አካሂዷል። ትንበያው በአካባቢ ቋንቋዎች በሬዲዮና በማረፊያ ቦታዎች አስተባባሪዎች አማካኝነት እንዲደርስ ተደረገ። ዓሣ አጥማጁ የሳተላይት ምስል አላስፈለገውም፤ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ አትውጣ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂው ነበር።

በኡጋንዳ አልበርት ሐይቅ ደግሞ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ የሕይወት አድን ጃኬት ያለው ሰው እንኳን ለምን አይለብሰውም? ምክንያቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ይሞቃል፣ ሥራ ያውካል፣ «ዋና አያውቅም» ያስብላል፤ እስከ ዛሬ ምንም ያልሆነ ሰው ነገም ምንም የማይሆን ይመስለዋል። ይህ የሥነ ልቦና ጉዳይ ነው። መፍትሔውም ከቅጣት ይልቅ ዓሣ አጥማጆች እርስ በእርሳቸው እንዲማማሩ ማድረግ ነበር፤ በዚህ መንገድ ትምህርቱ በተሰጠባቸው ማረፊያዎች ጃኬት የሚለብሱት ቁጥር በግልጽ ጨመረ።

ለአባያና ለጫሞ የሚያስፈልገው ጥናት ውስብስብ አይደለም። የሰጠሙት እነማን ናቸው? በየትኛው ሰዓት? ጀልባው ስንት ሰው፣ ስንት ኩንታል ጭኖ ነበር? ጃኬት ነበር ወይ? ነበር ከተባለስ የተለበሰ ነው ወይስ ከመቀመጫ ሥር የተቆለለ? የውኃ ምሕንድስና፣ የሥነ ልቦናና የሕዝብ ጤና መምህራን በአንድ ግቢ ውስጥ ባሉበት ከተማ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከባሕር ማዶ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም። መልሱ ደግሞ ለጀልባ ማኅበራት፣ ለወረዳው፣ የሀገር ውስጥ ውኃ ትራንስፖርትን ለሚመለከተው ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን በእጃቸው ሊደርስ ይገባል። ከሁሉም በፊት ለተሳፋሪው፦ ጀልባው ከሞላ አትሳፈር፤ ነፋስ ከተነሳ ጠብቅ፤ ጃኬት ከሌለ ጠይቅ።

ቀንጮ፦ ሊረዱ የሄዱት

ስለ ቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። መጀመሪያ ናዳው በቤታቸው የነበሩትን ቀበረ። ጎረቤት ሰማ፣ ተጠራርቶ ሮጠ፤ በእጁና በአካፋ መቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወገናቸውን ለማውጣት የሄዱት ነበሩ። ይህን ሕዝብ የሚወቅስ አንደበት የለንም፤ ያደረጉት ሰው ለሰው ሊያደርግ የሚችለው የመጨረሻው ነው። አላህ ለቤተሰቦቻቸው ጽናቱን ይስጥ።

ግን ከዚህ ሐዘን የሚወጣ ትምህርት አለ። የተንሸራተተ ተዳፋት ለሁለተኛ ጊዜ ሊንሸራተት እንደሚችል የሥነ ምድር ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከናዳ በፊት የሚታዩ ምልክቶችም ይታወቃሉ፦ በመሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ ድንገት የደፈረሰ ወይም ቦታውን የቀየረ ምንጭ፣ በተከታታይ ቀናት የጣለ ከባድ ዝናብ። እነዚህን ለማየት ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ምልክቱን የሚያውቅ ዓይንና የሚደወልለት ሰው ያስፈልጋል። «ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ተዳፋቱን ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ማንም አይግባ» የምትለው አንዲት ሕግ በየቀበሌው ብትታወቅ ወደፊት ስንት ነፍስ ታድናለች። የጋሞ ደጋም ቁልቁለቱ ከጎፋ የሚተናነስ አይደለም፤ ስለዚህ ትምህርቱ የጎረቤት ብቻ ተደርጎ መታለፍ የለበትም።

ናዳው የቀበረው ሥጋን ብቻ አይደለም። እርዳታ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ካሜራው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ዝናብ ሲጥል የሚነሳ ልጅ ይቀራል፤ ቤተሰቡን በሙሉ ያጣ ሰው ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል የሚሆን ባለሙያ በሀገራችን ጥቂት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ የእኛው ሀገር ምርምር ተስፋ የሚሰጥ ነገር አሳይቷል። በጉራጌ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በቅርባቸው ሲከታተሏቸው ውጤቱ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚመራው ክሊኒክ የማያንስ መሆኑን አረጋግጧል። በዚምባብዌ ደግሞ ሥልጠና የወሰዱ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ፣ ችግሩን አብረው ይፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የታገዙት ሰዎች የጭንቀትና የድባቴ ምልክት ካልታገዙት በግልጽ ያነሰ ነበር።

እኛ ዘንድ እድር አለ፣ ተዕዚያ አለ፣ ሐዘንተኛን ለብቻው ያለመተው ባህል አለ። መሠረቱ ተጥሏል። የጎደለው ሐዘኑ ከሦስት ቀን አልፎ ከሦስት ወር በኋላም ያልለቀቀውን ሰው ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ የሠለጠነ ሰው ነው። እግረ መንገዳችንን በመስጂዶቻችን ሊነገር የሚገባውን እንናገር፦ ዱዓና ሩቅያ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም። መድኃኒት የታዘዘለትን ሕመምተኛ «ተወው» ብሎ የሚያስቆም ሰው ካለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጀናዛው፦ ሳይንስና ሃይማኖት የተመካከሩበት

ምርምር ወደ ሕዝብ ሲመለስ ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ለእኛ በጣም የሚቀርበው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ሲዛመት፣ አስከሬንን በእጅ ማጠብና መሳለም በሽታውን ከሚያስፋፉት መንገዶች አንዱ መሆኑ ታወቀ። ቫይረሱ በሟች ገላ ላይ ይቆያልና። በመጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ ትእዛዝ ነበር። በላይቤሪያ ዋና ከተማ አስከሬን እንዲቃጠል ተወሰነ። ሕዝቡ ምን አደረገ? አስከሬኖቹን ደበቀ፣ በሌሊት ቀበረ። በሽታው አልቆመም።

ከዚያ የሰውን ባህልና እምነት የሚያጠኑ ተመራማሪዎችና የሃይማኖት አባቶች አብረው ተቀመጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ ለሙስሊም ሟች ውኃ የማያስፈልገውን ተየሙም፣ ከፈኑንና ሶላተል ጀናዛውን እንዴት ያለ አደጋ መፈጸም እንደሚቻል አካተተ። የሟች ክብር ተጠበቀ፣ የሕያዋን ሕይወትም ተጠበቀ። ማርበርግ የኢቦላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሚተላለፈውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ጂንካ ሩቅ አይደለችም። በየመስጂዱ ጀናዛ የሚያጥቡ ወንድሞችና እህቶች ይህን መመሪያ ማወቅ ያለባቸው ወረርሽኙ በር ሲያንኳኳ ሳይሆን ዛሬ፣ ሰላም በሆነበት ጊዜ ነው።

ለምን አይመለስም?

በመምህርነት ካሳለፍነው ጊዜ የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ተማሪ የሚያጠናው ለሚፈተንበት ነገር ነው። ተመራማሪም እንዲሁ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚያድገው በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። በጫኖ ቀበሌ አዳራሽ በጋሞኛ ውጤቱን ያስረዳበት ቀን ለዕድገቱ ያን ያህል አይቆጠርለትም። የፕሮጀክት ገንዘብም መረጃ ሲሰበሰብ ይመጣል፣ ጽሑፉ ሲታተም ያልቃል፤ ውጤቱን ወደ መንደር ለመመለስ የተመደበ በጀት ካለ ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፍ አላቸው፣ ብዙ መልካም ሥራም ይሠራሉ፤ ግን አገልግሎቱና ምርምሩ ብዙ ጊዜ በተለያየ መንገድ ይጓዛሉ።

ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የጸደቀውና ከዚያ በኋላ ደጋግሞ የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ በጥናት የተሳተፉ ሰዎች የጥናቱን አጠቃላይ ውጤት የማወቅ ዕድል ሊኖራቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። ደሙን የሰጠ፣ ቤቱን የከፈተ፣ ሰዓቱን ያዋለ ሰው ውጤቱን መጠየቅ መብቱ ነው። በእኛ አነጋገር አማና ነው፤ የተቀበለ ይመልሳል።

ሁሉም ምርምር ነገ ጠዋት ፍሬ ማፍራት አለበት አንልም። የሐይቅ ጥልቀት የሚለካው ሰው ዛሬ ለማን እንደሚጠቅም ላያውቅ ይችላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የጀልባ መንገድ የሚያወጣው ሰው ያመሰግነዋል። የምንለው ፍሬው በደረሰ ጊዜ ዛፉ ላይ አይድረቅ ነው።

የእኛስ ድርሻ?

ዑለማኦቻችን ግዴታን በሁለት ይከፍላሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚጠየቅበት ፈርዱል ዐይን፣ የተወሰኑ ሰዎች ሲፈጽሙት ከሌላው የሚወርድ ፈርዱ ኪፋያ። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከሁለተኛው መድበዋቸዋል። እዚህ ላይ እናስብ፤ አንድ ሐኪም መድኃኒት ቀምሞ በመሳቢያው ውስጥ ቢቆልፈው ከከተማው ሰው ግዴታው ወረደ ይባላል? ጥናት ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ከቀረም ነገሩ ከዚህ አይለይም።

የጋሞ ሕዝብ ደግሞ ቃል እንዴት ሰው ዘንድ እንደሚደርስ ያውቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግፍ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በተነሱ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያንን ያደረገው መታመን ነው። ጥናትን ወደ መንደር የሚያስገባውም ይኸው መታመን ነው፤ ዱቡሻው፣ መስጂዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እድሩ።

ስለዚህ በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ በገጠር ቀበሌዎችም ለምትኖሩ አንባቢዎቻችን ልንሠራቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ መጠይቅ ይዞ የመጣን ተመራማሪ በአክብሮት ተቀበሉት፤ ከመሰነባበታችሁ በፊት ግን «ውጤቱን መቼና የት ትነግሩናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ጥያቄ ከየቤቱ ቢነሳ የጥናት አሠራሩ ራሱ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎች በወር አንድ ጊዜ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሩብ ሰዓት ለጤና ባለሙያ ወይም ለተመራማሪ ቢሰጡ ምን ይጎድላል? ኹጥባው ኹጥባ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሩብ ሰዓቷ የወባ፣ የጀልባ፣ የናዳ ምልክት ወይም የጀናዛ ትሁን። ጀመዓው የሚጠይቀውን ጥያቄ ደግሞ ተመራማሪው ይዞ ይሂድ፤ የሚቀጥለው ጥናት ርዕስ ከዚያ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በዩኒቨርሲቲው የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ፣ ወደ ደጋው ውጡ። ጽሑፋችሁ ሲያልቅም በአማርኛና በጋሞኛ አንዲት ገጽ ማጠቃለያ ጻፉና ላጠናችሁት ቀበሌ ስጡ። አንዲት ገጽ ማንንም አታደክምም።

አራተኛ፣ ሰደቀተል ጃሪያ የምናስብ ነጋዴዎች የሕይወት አድን ጃኬትንና የሕፃናትን ጫማ እናስባቸው። ለአንድ ጀልባ ማኅበር የሚበቃ ጃኬት፣ ለአንድ የደጋ ትምህርት ቤት የሚበቃ ጫማ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሚጠቀምበት ሰው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሐይቁም ቀዩ አፈሩም አይለይም።

ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደርና ለክልሉ መንግሥትም አንድ ቃል አለን። በመምህራን የደረጃ ዕድገት መመዘኛ ውስጥ ውጤትን ወደ ማኅበረሰብ መመለስ በቂ ነጥብ ያግኝ፤ በእያንዳንዱ የምርምር በጀት ውስጥም የመመለሻው ወጪ ከመጀመሪያው ይካተት። የምርምር ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም በታተሙ ገጾች ብዛት ሊገኝ ይችላል። በሕዝብ ዘንድ የሚጸናው ግን በቀጣዩ ክረምት ተራራው ሲሰነጠቅ ማን ቀድሞ እንደሸሸ፣ አባያ ሲናወጥ ማን ከዳር እንደጠበቀ በሚታየው ነገር ነው።

አላህ የሚጠቅም እውቀት ይስጠን፤ ካወቅነውም ተጠቃሚ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።